መራራው የቀጂው ነው

ስማይርና፣ አሜሪካ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውቢት፣

ሰላምታውን ትንሽ ላቆየውና መጀመሪያ የተባለውን ላርም። ሺሻ አላጨስም። ጫት አልቅምም። «ተናኘወርቅ በስተርጅና ዕፅ ጀመረች» የሚለውን ወሬ ድሬዳዋ ድረስ ያደረሰው ሰው ያየው፣ ከአንድ ቅል በብረት መምጠጫ ሞቅ ያለ ነገር ስጠጣ ነው። ቅሉ ውስጥ ያለው ቅጠል ማቴ ይባላል። ሻይ ነው። ጭስ የለውም፣ ሕልም አያሳይም፣ ምላስም አይፈታም። የኔ ምላስ ፈቺ እንደማያስፈልገው ደግሞ አንቺ ታውቂያለሽ።

አሁን ሰላምታ። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? ቅባቱ ካልረዳሽ ለሐኪሙ አልረዳኝም በይው፤ ዝም ብሎ መቀባት ይሉኝታ እንጂ ሕክምና አይደለም።

ወሬው የተነሣው ከጎሹ ነው። ጎሹ ኮሌጅ ፓርክ የሚኖር፣ ከኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ፣ እሑድ እሑድ እኔን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርስ ደግ ሰው ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሊወስደኝ መጣና በሩን ክፍት ሲያገኘው ዘው አለ። እኔና ወይንሸት ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠናል። ቅሉን ትሰጠኛለች፤ መጥጬ እመልስላታለሁ፤ የመምጠጫውን አፍ በሎሚ ልጣጭ ጠረግ አድርጋ ውሃ ትጨምራለች። ጎሹ አይቶ አይቶ፣

«እማማ፣ ይሄ ነገር ሊጋል ነው?» አለኝ።

«ሕገ ወጡ ሳያንኳኩ መግባት ነው» አልኩት።

ሳቀ፤ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቀም። ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ነገራት። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ሴቶቹ ሲያዩኝ ጸጥ አሉ። አንዷማ «አይዞዎት፣ ሁሉም ያልፋል» ብላ እጄን ጨበጠችኝ።

ወይንሸት ማን ናት ላልሽው። ሐምሌ ላይ አዙሮኝ ደረጃው ላይ ከተቀመጥኩ ወዲህ ልጄ ሣራ ብቻዬን ልትተወኝ አልወደደችም። እሷ ሚድታውን ኢንሹራንስ ቢሮ ትውላለች፤ ልጇ ሚካኤላ ዩኒቨርሲቲ ናት። ስለዚህ በኤጀንሲ በኩል ቀን ቀን አብራኝ የምትውል ሴት ቀጠረችልኝ። ወይንሸት እዚህ ከመምጣቷ በፊት ሊባኖስ፣ ተራራው ላይ፣ ድሩዝ የሚባሉ የራሳቸው እምነት ያላቸው ሰዎች ቤት አንድ አዛውንት ስታስታምም ኖራለች። እነዚያ ሰዎች ዘመዶቻቸው ደቡብ አሜሪካ ሠርተው ሲመለሱ ባመጡት ቅጠል ተለክፈው ቀርተዋል፤ ጠዋትም ማታም ማቴ ነው። እሷም ከነሱ ተማረች፤ እኔ ከሷ።

በመጀመሪያው ቀን መሳቂያ ሆንኩልሽ። ቅሉን ሞልታ ውሃ አፈሰሰችና ራሷ ጠጣችው። ሠራተኛ ከባለቤት ቀድማ! ፊቴን አይታ፣ «እማማ፣ የመጀመሪያው መራራ ነው፤ ብናኙም የሚወጣው በሱ ነው። እሱ የቀጂው ነው እንጂ ለእንግዳ አይሰጥም» አለችኝ። ያን ጊዜ የአባታችን ቤት ጠጅ አሳላፊ ትዝ አለኝ፤ በመዳፉ አንጠብጥቦ ሳይቀምስ ለማንም አይሰጥም ነበር። አፈርኩ። ቀጥዬ መምጠጫውን እንደ ማንኪያ አማሰልኩት፤ ተደፈነ። «ኧረ እማማ አይነካም! እንደ ተተከለ ነው የሚኖረው!» ብላ ጮኸችብኝ። በመጨረሻ ቅሉን ስመልስላት፣ እንዳደግሁት፣ «አመሰግናለሁ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ብቻዋን እየቀዳች ብቻዋን ትጠጣለች። ጠበቅኩ። ተቀየምኩ።

«ለኔስ?» አልኳት ሲብስብኝ።

«አመሰግናለሁ ብለዋላ!»

«ታዲያስ?»

«በማቴ ላይ አመሰግናለሁ የሚባለው ሲበቃ ነው። እስኪበቃዎ ዝም ብለው ይመልሱልኝ።»

«ዝም ብሎ ዕቃ የሚመልስ አሳዳጊ የበደለው ነው» አልኳት። ግን ተማርኩ። አሁን ዝም ብዬ እመልሳለሁ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ ለጨዋታ አይደለም። ወሬው ሣራ ጆሮ ደርሷል። ወይንሸትን «ምንድን ነው የምታጠጫት?» ብላ ጠይቃታለች፤ ለኔም «እማዬ፣ አንድ ነገር ደግሜ ከሰማሁ ኤጀንሲውን ሌላ ሰው ነው የምጠይቀው» ብላኛለች። ይህች ሴት ከዚህ ቤት እንድትወጣ አልፈልግም። የጎሹ ሚስት ዘመዶች እዚያ ካገኙሽ ከላይ እንደጻፍኩት ንገሪያቸው፤ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።

በፎቶው ላይ ከስተሽ አየሁሽ ላልሽው፣ ጾም ነው። ፍልሰታን ጨርሼ ጳጉሜን ጨመርኩ፤ አሁን ጽጌን ይዣለሁ። ሌላ ነገር የለም።

ገጹን ሚካኤላ በስልኳ አንስታ ትልክልሻለች። ፊደሉን ስለማታነብ አትፈሪ፣ የልብሽን ጻፊ።

እህትሽ ተናኘወርቅ


ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2018

እትዬ ተናኝ፣

ሙቀቱ በረድ ብሏል፣ ጉልበቴም ከሙቀቱ ጋር አብሮ በረድ ብሏል፤ ለሐኪሙም እንዳልሽኝ ነገርኩት፣ ተቆጣኝ።

ወሬሽን አርሜልሻለሁ። ግን እትዬ፣ ድሬዳዋ ላይ ቅጠል ያዘች ተብሎ ማን ይደነግጣል? ከምሳ በኋላ ከተማው በሙሉ ጉንጩን ወጥሮ ነው የሚውለው። እኛን የገረመን ሌላ ነው። አንቺ፣ ሰው የጠጣበትን ብርጭቆ በፈላ ውሃ ሳታስነክሪ የማትነኪው ሴትዮ፣ ከሰው ጋር በአንድ መምጠጫ! ይህን ለወይዘሮ ሐምራዊት ብነግራት «በቃ፣ ዕፅ መሆን አለበት» አለችኝ።

አሁን ደግሞ አዲስ ወሬ መጥቷል። ጻድቅ ሆነሻል አሉ። የጎሹ ሚስት አፏን አሳስታ ነበርና ንስሐ ልትገባበት ይመስለኛል፣ «እማማ ተናኝ ፍልሰታ፣ ጳጉሜ፣ ጽጌ፣ ሳያቋርጡ፤ ፊታቸው ያበራል» ብላ ለአክስቷ ልጅ ደውላለች። እዚህም ስምሽን በበረከት የሚያነሡ አሉ።

እኔ ግን አውቅሻለሁ። አርባ ቀኑን የጽጌ ጾም በዕድሜሽ ጾመሽው አታውቂም። ማተሚያ ቤት አራሚ ሳለሽ እናታችን ብትለምንሽ፣ «የፈቃድ ጾም ሥራ ለፈታ ሰው ነው» ብለሽ አስቀይመሻታል። ምን ተገኘ? የስኳር መድኃኒትሽንስ በባዶ ሆድ ነው የምትውጪው? ምሳ ምን በላሽ ብዬ ከመስከረም ጀምሮ እየጠየቅኩሽ ነው፤ አንቺ ስለ ቅል ትጽፊልኛለሽ።

የዚያን ቅጠል ነገር ግን ሳልዋሽሽ አጓጉቶኛል። ምን ምን ይላል? ከየት ነው የሚበቅለው? በሰው እጅ ትንሽ ላኪልኝ።

ውቢት


ስማይርና፣ ኅዳር 2 ቀን 2018

ውቢት፣

መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። እጄ ሰነፈ።

የጠየቅሽኝን በተራ ልመልስ። ማቴ ዛፍ ነው። ከተዉት ይረዝማል፤ ለለቀማ እንዲመች ግን ዘወትር እየቆረጡ ቁጥቋጦ ያደርጉታል። አገሩ ፓራጓይ፣ አርጀንቲና፣ ደቡብ ብራዚል ነው። ቅጠሉን ከነቀንበጡ ለቅመው በነበልባል ወላፈን ያሳልፉታል፤ ቀጥሎ ደርቆ፣ ተቀምጦ፣ ይደቃል። ከከረጢቱ ሲወጣ እንደ ደቀቀ ጌሾ ነው፤ እንጨቱም አብሮ አለበት። ጣዕሙ ዝናብ የመታው ድርቆሽ፣ ትንሽ ጭስ፣ ከኋላ ደግሞ ምላስ የሚይዝ ምሬት። ላስደስትሽ ብሎ የማያባብል መጠጥ ነው፤ የወደድኩትም ለዚህ ነው። እንቅልፍ ይነሣልና ላንቺ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አይሆንም። ሰው ሳገኝ እልካለሁ።

ቅሉም ሥርዓት አለው። አዲስ ከሆነ እርጥብ ማቴ ተሞልቶ ያድራል፤ ውስጡ በማንኪያ ተፍቆ ፀሐይ ይመታዋል። እርጥብ ቅጠል ውስጡ ከተረሳ ይሻግታል። እናታችን የወተት ቅል ስታጥን የምታዝዘንን ያህል ሥራ አለው።

አንድ ጊዜ ብቻ ተጣልተናል፤ በውሃው። ወይንሸት ውሃውን አታፈላም። ማንቆርቆሪያው ገና ማንሾካሾክ ሲጀምር ታወርደዋለች።

«ያልፈላ ውሃ እግር መታጠቢያ ነው» አልኳት።

«የፈላ ውሃ ቅጠሉን ያቃጥለዋል፤ መምጠጫው ብረት ነው፣ ከንፈርዎን ይልጠዋል። አዛውንቴ ሲቸኩሉ እንኳ አፍልቼ ሰጥቻቸው አላውቅም።»

«አዛውንትሽ አልነገሩሽም እንጂ ለሻይ ያልፈላ ነገር ጥሬ ነው።»

«እማማ፣ እርስዎ ከፈለጉ ይቆጡኝ፤ እኔ አላፈላም።»

አላፈላችም። ዛሬም ድረስ ሳትሰጠኝ በፊት እንደ ሕፃን ወተት በእጇ ጀርባ ላይ አንጠብጥባ ትሞክረዋለች። አየሽ፣ እኔን እምቢ ማለት የሚችል ሰው በዚህ ቤት እሷ ብቻ ናት። ሣራ ትፈራኛለች፣ ሚካኤላ ታዝንልኛለች፣ ወይንሸት ትከራከረኛለች። ከሰዓት በኋላ ጾም ስገድፍ የመጀመሪያውን መራራውን ትጠጣልኛለች፤ ቀጥሎ አጥሚት ትሠራልኛለች። አጥሚት ሥሪልኝ ብያት አላውቅም። እየቀጠነ የሚሄደውም ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ስለ ጾሜ አትመርምሪኝ። ሰው ሲያረጅ ሐሳቡን ይለውጣል። መድኃኒቴን እወስዳለሁ። ምሳ በላሁ።

ደብዳቤዬ እዚህ ላይ ማጠሩን ይቅር በይኝ።

ተናኘወርቅ


ድሬዳዋ፣ ኅዳር 21 ቀን 2018

እትዬ፣

ሣራ ደውላልኝ እያለቀሰች ግማሹን በእንግሊዝኛ ነው የነገረችኝ። በታንክስጊቪንግ በዓል ዕለት አምቡላንስ መጣ፣ ጉሮሮሽ ተዘጋ፣ ካሜራ አስገቡ፣ ያቺ ሴትዮ በፈላ ውሃ አቃጥላት ነው አለችኝ። «አክስቴ፣ በብረት ቱቦ እኮ ነው የምታጠጣት! አምኜ ቤቴ አስገብቻት!» ትለኛለች።

እኔ በእጇ ጀርባ አንጠብጥባ ትሞክረዋለች ብለሽ የጻፍሽልኝን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። የትኛውን ልመን? መጻፍ ከቻልሽ ሁለት መስመር ይበቃኛል።

ውቢት


ስማይርና፣ ኅዳር 26 ቀን 2018

ውቢት፣

ቤቴ ገብቻለሁ፤ እጽፋለሁ፤ ፈሳሽ እወስዳለሁ። መጀመሪያ ይህን እወቂ።

የሆነው ይህ ነው። ሣራ ለበዓሉ እንግዶች ጠርታ ነበር። «እማዬ ጾም ናት» ብላ ለኔ ብቻ ስኳር ድንች በዘይት አዘጋጀችልኝ። እንግዶቹ ጾሜን እያደነቁ ሲያዩኝ ጊዜ አንድ ጉርሻ አነሣሁ። ደረቴ ላይ ቆመ። አልወርድ፣ አልወጣ አለ። ምራቄን እንኳ መዋጥ አቃተኝ። የቀረውን ሣራ ነግራሻለች።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ጨዋ ነው። ከካሜራው በኋላ ቧንቧው መጥበቡን፣ ቁራጭ ወስዶ ለምርመራ መላኩን ነገረኝ። «መዋጥ ካስቸገረዎ ስንት ጊዜ ሆነ?» አለኝ። «ሰሞኑን ነው» አልኩት። «በጣም ትኩስ መጠጥ ይወስዳሉ?» ሲል ሣራ ቀደመችኝና ስለ ማቴው ነገረችው። እሱም በጣም ትኩስ ነገር ለብዙ ዓመት የሚጠጡ ሰዎች ቧንቧቸው ሊጎዳ እንደሚችል አስረዳት። ብዙ ዓመት ብሏል። ሣራ ግን ዓመቱን አልሰማችም፤ ስልኳን አውጥታ ስለ ማቴ ማንበብ ጀመረች።

ቤት ስንመለስ ወይንሸት አጥሚት ሠርታ፣ ቅሉንም አዘጋጅታ እየጠበቀችኝ ነበር። ኮቴን ሳታወልቅልኝ ሣራ ጀመረች።

«የፈላ ውሃ፣ በብረት፣ ለአሮጊት ሴት?»

«ፈልቶ አያውቅም፣ ሣራ።»

«እናቴ መዋጥ አቅቷታል! ታዲያ ምን ሆና ነው? ንገሪኛ!»

ወይንሸት አየችኝ። አየኋት። «እሳቸውን ጠይቂ» ማለት ትችል ነበር፤ አላለችም።

«ኤጀንሲውን ኮል አደርጋለሁ። ሪፖርት አደርግሻለሁ። ሌላ ሰው ቤት ገብተሽ እንዲህ እንዳታደርጊ።»

«እንደ ወደድሽ» አለች። ቦርሳዋን አነሣች። በሩ ላይ ዞር ብላ፣ «እማማ፣ አመሰግናለሁ» አለችኝ።

ያ ቃል በሷ አፍ ምን ማለት እንደሆነ ጽፌልሻለሁ።

አሁን አንቺ ብቻ የምታውቂውን ልጻፍ። መዋጥ ያስቸገረኝ ሰሞኑን አይደለም። በፋሲካ፣ የጾም መፍቻ ዳቦ ስቆርስ፣ ደረቴ ላይ ቆመ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አወጣሁት። ከዚያ ወዲህ ጠንካራ ነገር አልፈራሁም ብል ዋሸሁ። መጀመሪያ በጥርሴ አመካኘሁ። ሐምሌ ላይ ያዞረኝም ምግብ አጥቼ ነው። ፍልሰታ ሲገባ የሚበላ ሰው ስለሌለ ደስ አለኝ። ፍልሰታ ሲያልቅ ጳጉሜ አለ፤ ከዚያ ጽጌ አለ። ማዕድ ላይ ያልተቀመጠን ሰው ጾመኛ ነው ካሉት ማንም «ለምን አትበላም?» አይለውም። ይባርከዋል እንጂ። ወይንሸት ሥራ የጀመረችው መዋጥ ካስቸገረኝ ከወራት በኋላ ነው። ማቴው የጎዳኝ ነገር የለም፤ ለብ ብሎ በመምጠጫ ጥቂት በጥቂት ሲመጣ ያለ ሥቃይ የሚወርድልኝ እሱ ነበር።

እሷ በሁለተኛው ሳምንት ነቃችብኝ። «ለሣራ ይንገሩ፤ ካልሆነ እኔ እነግራታለሁ» አለች። አስማልኳት። በልጇ ስም አስማልኳት፣ ውቢት። መሐላዋን ነው ይዛ የወጣችው።

ለምን ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። የመክብብን መጨረሻ አንቺ አላየሽም። ባሌ ያን ሁሉ ጊዜ ሆዱ ላይ ቱቦ ተተክሎለት፣ ምግብ በማሽን እየተንጠባጠበለት፣ አንድ ጊዜ እንኳ ጨው ሳይቀምስ ሞተ። ቱቦው እንዲገባ የፈረመች ሣራ ናት። በፍቅር ነው የፈረመችው። ለኔም በፍቅር ትፈርማለች።

ኤጀንሲው ጉዳዩን ይዞታል። የሣራን ቃል ከተቀበሉ በኋላ ነው የሚወስኑት። ከወሰኑባት ስሟ ይሠረዛል፤ በሽተኛ የሚያስታምም ሥራ ከእንግዲህ ማንም አይሰጣትም። አሁን ኮሌጅ ፓርክ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች ብሎኛል ጎሹ።

ለሣራ አትንገሪ። እለምንሻለሁ።

ተናኘወርቅ


ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2018

እትዬ ተናኝ፣

አልነግራትም። ያንቺ ሥራ ስለሆነ ነው የማልነግራት።

መጀመሪያ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ። የምጽፍልሽ ተናድጄ ነው፤ ቆይቼ ብጽፍ ስለምራራልሽ።

ጎሹ ያላጣራውን ነገር ቢያወራ ድሬዳዋ ድረስ ማስተባበያ ጻፍሽ። «አትጨምሪ፣ አትቀንሺ» አልሽኝ። አሁን ስለዚያች ሴት የሚወራውን ማን ያስተባብል? እሷ እኮ አፏን የዘጋችው አንቺ ስላሰርሽው ነው። ጻድቅ ናት ሲሉሽስ ለምን አላረምሽም? ክፉውን ወሬ ብቻ ነው እንዴ የምታርሚው?

አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለሽ ለዕረፍት ስትመጪ የነገርሽኝን ታስታውሻለሽ? ዳይሬክተሯ አንዲት ልጅ ያለ ጥፋቷ ስትቀጣ እያወቀች ዝም ያለችውን እኩል ትቀጣ ነበር። እኔ «ግፍ ነው» ስልሽ፣ «ግፍ አይደለም፣ ሥርዓት ነው» ብለሽ ጆሮዬን ቆነጠጥሽኝ። ጆሮዬ እስካሁን አለ።

ቱቦውን አልፈልግም በይ! አፍ አለሽ፤ እንግሊዝኛው አለሽ፤ ከሁሉም በላይ ቁጣው አለሽ። ልጅሽን ፊት ለፊት እምቢ በያት። በወይንሸት ጀርባ ግን አትደበቂ፤ እሷ የምትሸከመው የራሷ አላት።

ጉልበቴ ደህና ነው። ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ ብዬ ነው።

ውቢት


ስማይርና፣ እሑድ ታኅሣሥ 5 ቀን 2018

ውቢት፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ጆሮሽን ስለ ቆነጠጥኩ ይቅርታ። የቀረውን ሁሉ ተቀብያለሁ፤ የማርመው የለኝም።

ዛሬ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ለጎሹ ደክሞኛል አልኩት። «እማማ፣ ጾሙን ቀነስ ያድርጉት እንጂ፤ እግዜር እንደሆነ አውቆዎታል» አለኝ በስልክ። ሳላስደነግጠው ልነግረው አልቻልኩም፣ ዘጋሁት። ቀድሞ ያስደስተኝ ነበር እንዲህ ሲለኝ። ይህንንም እወቂልኝ።

ወይንሸት በወጣች ቀን ቅሉ እርጥብ ቅጠል እንደያዘ የዕቃ ማጠቢያው ጥግ ቀርቶ ነበር። ማንም አልነካው። ሳገኘው አፉ ዙሪያ ነጭ ሻጋታ ጀምሮታል። ልጥለው አነሣሁትና ይዤው ተቀመጥኩ። በማንኪያ ፋቅሁት፤ አጠብኩት፤ መስኮቱ ላይ ፀሐይ በሚመጣበት በኩል አስቀመጥኩት። በየቀኑ ውስጡን በጣቴ እዳስሳለሁ። ዛሬ ደርቋል። ሽታው ወደ ቦታው ተመልሷል። የቅጠሉ ከረጢትም አላለቀም።

ሣራ ለሥራ ሳቫና ከሄደች ሁለት ቀን ሆናት፤ ነገ በማለዳ ትመለሳለች። የኤጀንሲው ሰው ቃሏን ሊቀበል የሚደውለውም ነገ ጠዋት ነው። የምርመራው ውጤት ደግሞ ረቡዕ ይነገረናል። ውጤቱ ከመጣ በኋላ ብናገር የተናገረው ውጤቱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ማተሚያ ቤት ሳለሁ እርማት የሚባለው ወረቀቱ ማሽን ሳይገባ የተደረገው ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለው ይቅርታ መጠየቂያ ነው።

ዛሬ ሚካኤላ የዚህን ደብዳቤ የመጀመሪያ ገጽ ስታነሣ ስልኳን ዝቅ አድርጋ አየችኝ።

«አያትዬ፣ ወይንሸት ሪሊ አቃጠለችሽ?»

ይህን ያህል ቀን ማንም እንዲህ ብሎ እኔን አልጠየቀኝም። ሁሉም ስለ እኔ እርስ በርሱ ነው የሚጠያየቀው።

«አላቃጠለችኝም» አልኩ።

«ዌይት። ታዲያ ለማሚ ለምን አልነገርሻትም?»

«ፈርቼ።»

ሳቀች። የቀለድኩ መሰላት። «አንቺ? ፈርተሽ?» አለች። ቀጥሎ ፊቴን አየችና ሳቁ ጠፋ። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ክብደቷን ሁሉ ትከሻዬ ላይ ጣለችው፤ ልጅ ሳለች እንደምታደርገው። «አሁን ኮል እናድርጋት» አለችኝ። በስልክ አይሆንም አልኳት። መክብብ እንደሚሞት በስልክ ነው የነገሩኝ። ለሣራ ፊቷን እያየሁ ነው የምነግራት፤ እጇን ይዤ።

እፈራለሁ፣ ውቢት። የሣራን ቁጣ አይደለም። ከቁጣው በኋላ የሚመጣውን እንክብካቤ ነው የምፈራው። ግን አንቺ እንዳልሽው እምቢ ማለት እችላለሁ፤ ወይንሸት ውሃውን አላፈላም ስትለኝ እንዴት እንደሚባል አይቻለሁ። አልጮኸችም፣ አልተለማመጠችም። አላፈላም አለች፣ አላፈላችም።

ነገ መጀመሪያ የማደርገውን ልንገርሽ፤ ጽፌው ካልሄድኩ እንዳላስተጓጉለው ብዬ ነው። ሣራ ገብታ ሻንጣዋን ሳትፈታ አስቀምጣታለሁ። ከፋሲካው ዳቦ ጀምሬ እስከ አስማልኳት መሐላ ድረስ በተራ እነግራታለሁ፤ ብታለቅስም አላቋርጥም። የኤጀንሲው ሰው ሲደውል ስልኩን እቀበላትና በራሴ አፍ፣ ሰው ሳያስተረጉምልኝ፣ ወይንሸት ያላጠፋች መሆኗን እነግረዋለሁ። ለሐኪሙ እደውላለሁ፤ «ሰሞኑን» ያልኩትን አስለውጣለሁ፤ ቱቦውንም እንደማልፈልግ እዚያው አስጽፋለሁ፤ ሣራም ትሰማለች። ከዚያ ጎሹን ኮሌጅ ፓርክ እንዲያደርሰኝ እጠራዋለሁ። መኪና ውስጥ ስለ ጾሜ እውነቱን እነግረዋለሁ፤ ቤቱ እስኪገባ ሚስቱ ጋ ይደርሳል፣ ሚስቱ ጋ ከደረሰ ደግሞ አንቺ ጋ ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ ይደርሳል።

ወይንሸት ከሆቴሉ በሠራተኞች በር ስትወጣ እጠብቃታለሁ። ተመለሺ ብዬ አልለምናትም፤ ያን የመጠየቅ መብት የለኝም። ቅሉን፣ ከረጢቱን፣ ሎሚውን፣ ውሃውንም በፔርሙዝ ይዤ እሄዳለሁ። ውሃው አይፈላም። ቅጠሉን እሞላለሁ፤ መምጠጫውን ተክዬ አልነካውም። ነገ ቀጂዋ እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያውን የምጠጣው እኔ ነኝ።

እህትሽ ተናኘወርቅ